የሚያለቅሰው ግድግዳ

ዝናቡ ገና ባባራበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ መንደሩ በሚገነጠለው መታጠፊያ ላይ፣ ሲሚንቶ የጫነ ጋሪ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቆሞ ነበር። ፈረሱ ነገሩ እንደማይሆን ገብቶት መሳቡን ትቷል። የጋሪው ጌታ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም፤ ካፖርታቸውን አውልቀው ሲሚንቶው ላይ ደርበው፣ አንዴ ፈረሱን እየለመኑ፣ አንዴ እየሰደቡ፣ ከኋላ ይገፋሉ። በገፉ ቁጥር ከቀበቷቸው ላይ የተንጠለጠለው ትልቅ የብረት ቁልፍ ከጋሪው ጣውላ ጋር እየተጋጨ ቃ! ቃ! ይላል።

ቁልፉ የመንደሩ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ነው። ርዝመቱ ከስንዝር ያልፋል፤ ከአባታቸው ነው የተቀበሉት። ሰዉ የሽማግሌውን ስም ከረሳ ቆይቷል፤ ልጅ አዋቂው «ባለቁልፉ» እያለ ይጠራቸዋል። እሳቸውም ስሙን ይወዱታል። ባይወዱት ኖሮ መንደሩ በሙሉ ያውቀው ነበር፤ ባለቁልፉ የከፋቸውን በሆዳቸው የሚይዙ ሰው አይደሉምና።

በዚህ መሀል አውቶቡስ ቆመና ቦት ጫማ ያደረገች፣ ሻንጣዋን በትከሻዋ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ወረደች። ከመንገዱ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስታ ከጎማው ሥር ሸጎጠችና፣ «አሁን ይግፉ» አለች። ገፉ። ጋሪው ወጣ። ፈረሱም ሥራው የእሱ ብቻ እንደነበረ ሁሉ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! እጅሽ ይባረክ! ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?»

«የእርስዎው ነኝ እንጂ፣ ጋሼ! እንዲህ ረሱኝ?»

ባለቁልፉ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። «ውይ! የወንድሜ ልጅ! ኧረ እንዴት አድገሻል!» እያሉ ጭቃቸውን ሳይጠርጉ ጉንጭና ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። ከዚያም ፈረሱን እየነዱ፣ እሷም ከጎናቸው እየተራመደች፣ ወግ ጀመሩ።

«የሕንፃ ሥራ ተማረች ሲሉ ሰምቼ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ትቆልላለች ብዬ ያላወራሁለት ሰው የለም።»

«አይ ጋሼ፣ አዲስ አልሠራም። ያረጁ ሕንፃዎችን ነው የምጠግነው።»

ባለቁልፉ ትንሽ አፈሩላት። «ግድ የለም» አሉ ለማጽናናት፤ «ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ ያሳድጉሻል።»

ልጅቷ ሳቀች። «ይኼ ሁሉ ሲሚንቶስ የት ሊውል ነው?»

ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነበር የቆዩት። ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ለቤተ ክርስቲያናችን ነዋ! ሦስቱን ግድግዳ ካቻምና ለስነን ጨርሰናል። የቀረው አንዱ ነው፤ እሱንም ሰኞ ጠዋት እንጀምረዋለን። ሲሚንቶውን የላኩት ከተማ የገቡ የመንደራችን ልጆች ናቸው» አሉ።

«የድሮው ኖራስ?»

«ኖራ! አታስታውሺውም? ክረምት ባለፈ ቁጥር መንደሩ በሙሉ ባልዲ ይዞ ይወጣል። ልብሳችን ነጭ፣ ዓይናችን ቀይ! ቀብተን ጨረስን ስንል ዓመቱ ይደርሳል። ሲሚንቶ ግን አንዴ ነው፤ አንዴ ከለሰንሽው ለልጅ ልጅ ነው።»

የልጅቷ እርምጃ ዘገም አለ። ባለቁልፉ ግን ያላወጉት ገና ዋናው ነበርና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

«ሥራችን የተወደደ ለመሆኑ ደግሞ ምልክት አየንበት። ለስነን ከጨረስን በኋላ በመጣው ክረምት፣ ግድግዳው አለቀሰ።»

ልጅቷ መንገዱ መሀል ቀጥ ብላ ቆመች። «ምን አሉኝ?»

«አለቀሰ አልኩሽ! ከውስጥ በኩል፣ ልጆች ከሚዘምሩበት ሰገነት ሥር፣ እንባው ኩልል እያለ ይወርዳል። ሰው ከሩቅ እየመጣ በመሐረብ ያብሳል፣ በጠርሙስ ይቀዳል። አክስትሽማ ከሥሩ አትነሳም። በርጩማዋን እዚያው አኑራለች፤ ጠዋት ማታ ዓይኗን ታብስበታለች።»

«ከሰገነቱ ሥር? የሰገነቱ እንጨቶች ግድግዳው ውስጥ የሚገቡበት ቦታ ላይ?»

«እዚያው ላይ!»

የልጅቷ ፊት ደም የተመጠጠ መሰለ። «ጋሼ» አለች፣ «እባክዎ ፈረሱን ያፍጥኑት።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ሰው የሚያስገርም ነገር ሲያይ ይሰበሰባል፣ ይደነቃል፣ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ከመቶ አንድ አይገኝም። ሦስት ዝናብ ሙሉ ያ ግድግዳ ውሃ ሲያፈስ መሐረብ ያላመጣ የመንደሩ ሰው አልነበረም፤ ጥያቄ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም። ቄሱ እንኳ «ተአምር ነው» ብለው ተናግረው አያውቁም፤ «አይደለም» ብለውም ተናግረው አያውቁም። ሕዝቡ ከወትሮው በዝቶ ሲመጣ ዝም ማለት ቀላል ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ጉብ ብሏል። ድንጋዩ ከዚያው ጉብታ ሥር የተፈለጠ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ ጠባብ፣ ጣራው ዝቅ ያለና ክፈፉ ወደ ውጭ ረዘም ያለ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሽማግሌ ይመስላል። በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ገና የድሮ ኖራውን እንደለበሰ ነው፤ እዚህም እዚያም ቢላላጥም የተወለወለ አጥንት የመሰለ ነጭ ነው። የቀሩት ሦስቱ ግን ቆርቆሮ እንደለበሱ ግራጫና ልሙጥ ሆነዋል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆችም ከላይ እስከ ታች ወርደውባቸዋል።

ልጅቷ ሻንጣዋን ጥላ መዳፏን በሰሜኑ ግድግዳ ላይ አሳረፈች። ደረቅ ነበር። ቀጥላ ወደ ሲሚንቶው ዞራ ስንጥቆቹን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ ከጣራው ክፈፍ ሥር ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና ወደ ውስጥ ገባች።

የባለቁልፉ ሚስት ከሰገነቱ ሥር፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ መሐረባቸውን ከግድግዳው እያስነኩ ዓይናቸውን ያብሳሉ። የዓይናቸው ዙሪያ የተላጠ እስኪመስል ቀልቷል። የባላቸውን ወንድም ልጅ ሲያዩ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ያሉበት ቦታ ትዝ ሲላቸው መልሰው ዘጉትና እቅፍ አደረጓት።

«ዓይንዎ ምን ሆነ፣ እትዬ?»

«መዳኛውን አግኝቷል፤ ብቻ ትንሽ ያቃጥላል። አጎትሽ ሲያቃጥል ነው የሚሠራው ይለኛል።»

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አያስነኩት፤ የሲሚንቶ እጣቢ ነው። ሰኞ አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።» ልጅቷ ወደ አጎቷ ዞረች። «ጋሼ፣ ይኼ እንባ አይደለም። መውጫ ያጣ ውሃ ነው።»

ባለቁልፉ ክው አሉ። መጀመሪያ ወደ ልጅቷ፣ ቀጥሎ ወደ ጣራው ተመለከቱ፤ የተባለው ነገር ወደ ላይ እንዳይሰማ የፈሩ ይመስሉ ነበር።

«ቃልሽን መልሺ! በገዛ ቤቱ ቆመሽ!»

«በቤቱ ስለቆምኩ ነው እውነቱን የምናገረው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ? የላስቲክ ልብስ እስከ አንገትዎ ለብሰው ቀኑን ሙሉ ቢቆፍሩ ምን ይሆናሉ?»

«ያልበኛላ።»

«ላቡስ የት ይሄዳል?»

«የት ይሄዳል፤ ሸሚዜ ላይ ነዋ...» አሉና ነገሩ ወዴት እንደሚወስዳቸው ሲገባቸው ንግግራቸውን ገቱ። «ግድግዳ ሰው አይደለም!»

«ላብ ባይኖረውም ውሃ አለው። ድንጋዩ ከመሬት ይስባል፤ ዝናቡም በስንጥቅ ይገባበታል። የሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው ኖራ ያለበሱት። ኖራ የጠጣውን ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋል።»

«ሲሚንቶ ዝናብ አያስገባም!»

«ሲሰነጠቅ ያስገባል። የገባውን ደግሞ አያስወጣም። እናም ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ መጣ። ይኸው እትዬ ዓይናቸውን ያብሱበታል።»

ባለቁልፉ ቁልፋቸውን ጨበጥ ለቀቅ እያደረጉ ከበሩ እስከ ሰገነቱ ተመላለሱ። ሲናደዱ እግራቸው አንድ ቦታ አይቆምላቸውም።

«እኔ ምለው» አሉ በመጨረሻ፣ «ትምህርት ቤት የላክንሽ ወደፊት እንድትሄጂ ነው ወይስ ወደ ኋላ? እኔ ሽማግሌው አዲሱን ልያዝ ስል፣ አንቺ ወጣቷ አሮጌውን ይያዙ ትይኛለሽ! ዓለም ተገልብጧል ማለት ነው? ወይስ ለገጠር ሰው ሲሚንቶ ይበዛበታል?»

«ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ! ሲሚንቶ ጠላሁ አልወጣኝም። ያ ጋሪው የተቀረቀረበት መታጠፊያ ላይ ቦይና ድልድይ ቢሠሩበት እኔም እየመረቅሁዎ እሻገራለሁ። ኖራንም የምወደው ስላረጀ አይደለም። ለእያንዳንዱ ነገር የሚስማማው አለ ነው የምለው። እርስዎ ለፈረሱ የሚሰጡትን መድኃኒት ለእትዬ ይሰጣሉ?»

«እሱንም ሞክሮታል» አሉ ሚስታቸው በዝግታ።

ባለቁልፉ ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት። «የድሮ ሰዎች ሲሚንቶ ቢያገኙ ኖሮ በደስታ በለሰኑበት ነበር። ስላጡ ነው።»

«ምናልባት። ግን ባላቸው ነገር ምን እንዳደረጉ ይመልከቱ። ጣራውን ለምን ወደ ውጭ አረዘሙት? ዝናቡ ግድግዳው ላይ እንዳይወርድ። ሕንፃውን ለምን ጉብታው ላይ አወጡት? ጎርፍ መሠረቱን እንዳይበላው። ሰዎቹ ስማቸውን የትም አልጻፉም፤ አንድ ደብዳቤ አልተዉልንም። ያወቁትን ሁሉ የነገሩን በዚህ አሠራራቸው ነው። እኛ ሳናነበው ነው የለሰንበት።» ከዚያ በፍርሃት ጠየቀች፤ «ጋሼ፣ ከውጭ ከክፈፉ ሥር በተርታ የነበሩት ቀዳዳዎች የት ሄዱ? ልጅ ሆኜ ስቆጥራቸው ትዝ ይለኛል።»

ባለቁልፉ ፊታቸው በራ። በመጨረሻ የሚያውቁት ጉዳይ ተነሳ! «የወፍ ቀዳዳዎቹን ነው? በዚህ እጄ ደፈንኳቸው! ወፍ ጎጆ እየሠራ ግድግዳውን ሲያቆሽሽ ኖሮ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ አንድም ሳላስቀር በሲሚንቶ ጠቀጠቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ነው።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምነው?»

«ጋሼ... ለወፍ የተሠሩ አልነበሩም። ከያንዳንዱ ቀዳዳ ጀርባ ሰገነቱን የተሸከመ አንድ እንጨት አለ። ጫፉ ድንጋይ ውስጥ ታፍኖ እንዳይበሰብስ፣ አየር እንዲያገኝ ብለው ነው የተዉለት። አፍንጫው ነበር።»

ግድግዳው ላይ አንድ ጠብታ ተንሸራቶ ወረደና ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ያን ሁሉ ክርክር ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ የነበሩት ሚስታቸው ቀና ብለው ከራሳቸው በላይ ያለውን ሰገነት ተመለከቱ።

«ታዲያ» አሉ፣ «እንጨቱ አሁን ምን ሆኖ ይሆን?»

ባለቁልፉ ሳቁ። የንዴት ሳቅ ነበር። «እንጨቱ? ያ እንጨት? አባቴ መብራት ሊሰቅልበት ምስማር ቢመታበት ምስማሩ ነው የተጣመመው! ብረት በይው! ቆይ አሳያችኋለሁ!» አሉና መሰላሉን ከጥግ ጎትተው፣ የልጅቷን «እኔ ልውጣ» ከቁብ ሳይቆጥሩ፣ እንጨቱ ግድግዳው ውስጥ እስከሚገባበት ድረስ ወጡ። ቁልፋቸውን ከቀበቷቸው ፈቱና መቱት።

ቃ! ሊል ይገባው ነበር። ግን ዱፍ አለ፤ ትራስ የመቱ ያህል።

እንደገና መቱ። ዱፍ። ግራ ገብቷቸው የቁልፉን ጥርስ እንጨቱ ላይ አስደግፈው ገፋ አደረጉት። ቁልፉ ገባ። ምንም ሳያስቸግራቸው፣ ያ ከስንዝር የሚያልፍ ብረት፣ እስከ ቀለበቱ ድረስ ስምጥ ብሎ ገባ። ከገባበትም ቡናማ ውሃ ወጥቶ በእጃቸው፣ ከዚያም በክንዳቸው ላይ ወረደ። ቀዝቃዛ ነበር፤ የተዘጋ ጉድጓድ ይሸታል።

ባለቁልፉ መሰላሉ ላይ እንደቆሙ ዓይናቸውን ወደ ታች ጣሉ። በቀጥታ ከእግራቸው ሥር በርጩማው ነበር። በርጩማው ላይ እርጥብ መሐረብ። ከበርጩማው ጎን ደግሞ የአርባ ዓመት የትዳር ጓደኛቸው አንጋጠው፣ በቀላ ዓይናቸው፣ «ምን አገኘህ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

«ከዚያ ተነሺ» አሉ ባለቁልፉ። ድምፃቸው የራሳቸው አልመሰላቸውም። «ተነሺ አልኩሽ! ሁላችሁም ውጡ! ውጡ!»

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረዱ አያውቁም። ውጭ ወጥተው ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰውዬው ቀብር አይተዋል፣ ጎርፍ አይተዋል፤ እንዲህ ሆነው ግን አያውቁም። ሦስት ዝናብ ሙሉ ሚስታቸውን በየዕለቱ እጇን ይዘው ከዚያ ሥር ያስቀመጧት እሳቸው ነበሩ። ቦታ እንዳይቀድሟት እንኳ በቁልፋቸው ማልደው ይከፍቱላት ነበር።

ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ልትወቅሳቸው አልፈለገችም። ከተላላጠው ኖራ ላይ አንድ ቅርፊት አንስታ ጎኑን አሳየቻቸው። ቅርፊቱ አንድ ወጥ አልነበረም፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሳሱ ንብርብሮች ነበሩት።

«እያንዳንዱ ሽፋን አንድ ዓመት ነው፣ ጋሼ። መንደሩ ባልዲ ይዞ የወጣበት አንድ ዓመት።»

ባለቁልፉ ቅርፊቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጣታቸው ገና በቡናማው ውሃ ርሶ ነበር።

«ከነዚህ አንዱ» አሉ ቆይተው፣ «አባቴ ነው።»

«ከላይ ከላዩ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ያን ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው ገቡና ቁልፋቸውን ከእንጨቱ ነቅለው፣ ከብስባሹም እፍኝ ዘግነው ወጡ፤ በሩንም ቆለፉት።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ሲደርስ በሩ ዝግ ነው፤ ባለቁልፉ ቁልፋቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። መንደሩ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ታመው ነው አለ ግማሹ፤ አብደው ነው አለ ግማሹ። ከሩቅ መንደር የመጡ ባለጠርሙሶች ደግሞ ውሃችንን ከለከሉን ብለው መጮህ ጀመሩ።

«ምን ሆነዋል?» አሉ ቄሱ ተጠግተው። «ሰዉን ያስገቡት እንጂ! ተአምሩን ሊያዩ የመጡም አሉ።»

«እስቲ አባታችን፣ በእውነት ይንገሩኝ። ተአምር ነው?»

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እኔ እንግዲህ ተአምር ነው ብዬ...»

«አይደለም ብለውም አያውቁም» አሉ የባለቁልፉ ሚስት ከሴቶቹ መሀል። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ።

ባለቁልፉ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና መዳፋቸውን ከፈቱ። እርጥብና ጥቁር ነገር ነበር፤ ሲጨምቁት እንደተነከረ ዳቦ በጣቶቻቸው መሀል ሾልኮ ወጣ።

«ይኼ ምንድነው?» አለች አንዲት ሴት።

«ሰገነቱን የተሸከመው እንጨት ነው። ትናንት በቁልፌ ያወጣሁት ነው። ከሥሩ ሚስቴ ትቀመጥ ነበር። ከሥሩ እናንተም ጠርሙሳችሁን ይዛችሁ ትሰለፉ ነበር። ከላዩ ደግሞ ልጆቻችሁ ቆመው ይዘምሩ ነበር።»

ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሳበ። አንዷ እናት ልጇን እጁን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው፤ በሩ ገና እንደተቆለፈ ቢሆንም።

«ግን ግድግዳው እኮ ያለቅሳል!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ያለቅሳል! እንባ ነው ካላችሁም እንባ ነው፤ አልከራከርም» አሉ ባለቁልፉ። «ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ብታገኙ ጠርሙስ ታመጣላችሁ ወይስ ምን ሆንክ ትላላችሁ? ሦስት ዝናብ አለቀሰልን። ምን ሆንክ ያለው አንድ ሰው የለም። የወንድሜ ልጅ ትናንት መጥታ ጠየቀችው፤ እሱም መለሰላት።»

ጸሎቱ በዚያን ቀን ግቢው ውስጥ፣ ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ልስኑን ሊጀምር የተጠራው ግንበኛ መጣ፤ ግን የለሰነውን እንዲያነሳ ታዘዘ። መጀመሪያ ልጅቷ እያሳየችው ሰገነቱ በቋሚ ግንድ ተደገፈ። ከዚያም በመሮ፣ ድንጋዩን ሳይነኩ፣ ሲሚንቶውን በየቁራጩ ማላቀቅ ጀመሩ። ከኋላው ያለው ድንጋይ ከታጠበ ዕቃ በላይ ይንጠባጠብ ነበር። ግንበኛው ደጋግሞ «ወይ ጉድ!» ይል ነበር። ከክፈፉ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ግን ባለቁልፉ ማንንም አላስነኩም፤ መሰላል ላይ ወጥተው፣ በዚያው እጃቸው፣ አንድ በአንድ ከፈቷቸው። ለወፎቹ ደግሞ ልጅቷ ባሳየቻቸው መሠረት ወንፊት የመሰለ ሽቦ ገጠሙባቸው፤ አየሩ ይገባል፣ ወፉ አይገባም።

«ይህን ካቻምና ባውቅ» አሉ መሰላሉ ላይ ሆነው፣ «ወፎቹም እኔም በተስማማን ነበር።»

ክረምቱ አለፈና ሌላ ዓመት መጣ። ሲሚንቶው ወደ መታጠፊያው ሄዶ ቦይና ትንሽ ድልድይ ሆኗል፤ ፈረሱ አሁን ሲያልፍበት ኩራት ይታይበታል። የበሰበሱት እንጨቶች ተተክተዋል፤ ያልበሰበሱት ክፍሎቻቸው ግን በጥንቃቄ ተቀጥለው በቦታቸው ቀርተዋል። የሚስታቸው ዓይን ጤና ጣቢያ በታዘዘላቸው ጠብታ ድኖ፣ አሁን ከሩቅ የሚመጣን ሰው ከባላቸው ቀድመው የሚለዩት እሳቸው ናቸው። የመንደሩ ወጣቶች ኖራ ማብላላትና መለሰን ከልጅቷ ተምረው፣ ጎረቤት መንደር ያረጀ ቤት ሲታመም የሚጠሩት እነሱ ሆነዋል። ባለቁልፉም ላገኙት መንገደኛ ሁሉ፣ ጠየቀም አልጠየቀም፣ ያስተምራሉ፤ «አዲስ ነገር ሲመጣ አትሽሽ፤ ግን ለምን እንደሆነ ጠይቀው። አሮጌውንም ከመድፈንህ በፊት ለምን እንደተሠራ ጠይቀው። ያልገባህን ቀዳዳ አትድፈን!» ይላሉ።

ዝናቡ ባበቃ በመጀመሪያው ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ወጣ። ልብሱ ነጭ፣ ሳቁ ብዙ ነበር። ባለቁልፉ መሰላል ላይ እንዳይወጡ ስለተከለከሉ ከታች ሆነው ሁሉንም እያዘዙ፣ ሁሉንም እየነቀፉ ነበር። በዚህ መሀል ከሩቅ የመጣች የደከማት ሴት ጠርሙስ ይዛ ወደ እሳቸው ተጠጋች።

«ጤና ይስጥልኝ። ያ የሚያለቅሰው ግድግዳ የትኛው ነው?»

ባለቁልፉ ይዘዋት ገቡ። ከሰገነቱ ሥር ወስደው፣ በርጩማው ከነበረበት ቦታ አቆሟት። ሴትየዋ እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ነካች፤ ዝቅ ብላ ነካች፤ ከፍ ብላ ነካች። መዳፏን ስታየው ትንሽ ነጭ ዱቄት ብቻ ነበረበት።

«አያለቅስም እኮ!» አለች ደንግጣ።

ባለቁልፉም መዳፋቸውን ከእሷ መዳፍ አጠገብ፣ ደረቁ ድንጋይ ላይ አሳረፉ።

«አያለቅስማ፣ እናቴ» አሉ። «ተሻለው።»